ፕላትሌት በላብራቶሪ፦ እናቲቱ አድጋለች፣ መውለዱ ነው የቸገራት

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ኬሞ (የካንሰር መድሀኒት) እየወሰደ እያለ ፕላትሌቱ፣ ደም እንዳይፈስ ቀዳዳ የሚደፍነው የደም ቅንጣት ማለት ነው፣ 9 ሺህ ገባ። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ነው ሚኖረው፣ 10 ሺህ ደግሞ ሀኪሞች ደም ባይፈሰው እንኳ ቀድመን ፕላትሌት እንስጠው የሚሉበት መስመር ነው፣ እሱ ከመስመሩ ታች ወርዷል ማለት ነው። ድዱ ይደማል፣ እግሩ ላይ ቁንጫ የበላው የሚመስል ቀይ ነጠብጣብ ወጥቶበታል። ቶሎ ፕላትሌት ፈልጉ አሉን፣ ሄደን ስንጠይቅ ዛሬ የለም። እዚህ ጅማ ካለው ሂርማታ የሰፈር ልጆች በሁለት ባጃጅ ታጭቀው ደም ሊሰጡ መጡ፣ አንደኛው ማታ ራሱን አሞት አስፕሪን ውጦ ስለነበር ያንተ ለፕላትሌት አይሆንም ሲባል እንደተሰደበ ነው የቆጠረው።

እዛው ወረፋ ላይ ቆመን አንድ ልጅ ስልኩን አወጣና "ጃፓኖች እኮ ፕላትሌት በማሽን ማምረት ጀምረዋል፣ ደም መለገስ ሊቀር ነው" አለን። አክስቴ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አመሰገነች። እኔ ሜዲካል ላብራቶሪ ነው የተማርኩት፣ አሁን እንጀራዬ ሌላ ቦታ ቢሆንም ነገሩ ከነከነኝና ማታ ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ፣ ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቀኝም። ልጁ ግማሹን ልክ ነው። ፕላትሌት የምትሰራዋን ሴል ከሰው አካል ውጪ ማሳደግ ይቻላል፣ ከተቻለም ቆይቷል። የቸገረው እሷን አሳድጎ እንደ አጥንት መቅኒ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ፕላትሌት እንድትወልድ ማድረጉ ነው፣ እና ይሄን ሳይለዩ "ሊቀር ነው" ማለት ሰውን ማዘናጋት ነው የሚሆነው።

ከፕላትሌት እንጀምር። ሴል እያልን እንጠራዋለን እንጂ ሙሉ ሴል አይደለም፣ ቁራሽ ነው። ከትልቅ ሴል አካል የተቆረሰ፣ ኒውክለስ (ዲኤንኤው ያለበት የሴሉ ማዕከል) የሌለው፣ ስፋቱ 2 ወይ 3 ማይክሮ ሜትር የሆነ ነገር፣ ቀይ የደም ሴል እንኳ 7 ገደማ ነው። ቆዳችን ሲቆረጥ ወይ ትንሽ የደም ስር ስትቀደድ መጀመሪያ ደርሶ የሚለጠፈው እሱ ነው፣ ተለጥፎም ጓደኞቹን ይጠራል፣ ተጠራርተው ቀዳዳውን ይደፍኑታል። እድሜው ከ7 እስከ 10 ቀን ነው፣ ስለዚህ ሰውነታችን በየቀኑ 100 ቢሊዮን ገደማ አዲስ መስራት አለበት፣ በወር አላልኩም፣ በየቀኑ። ኒውክለስ ስለሌለው ደግሞ የተበላሸበትን ፕሮቲን በአዲስ መተካት አይችልም፣ አስፕሪን አንዴ ከያዘው እስኪሞት ድረስ እንደተያዘ ነው። ያ የሂርማታ ልጅ የተመለሰው በዚህ ነው እንጂ ማንም ንቆት አይደለም፣ ደሙ ለሌላ ነገር ይሆናል፣ ፕላትሌቱ ግን ተኝቷል።

አሁን ወደ እናቲቱ። ሜጋካርዮሳይት ትባላለች፣ ትልቅ ኒውክለስ ያላት ሴል እንደማለት ነው፣ እኔ እናት ሴል እያልኩ ልቀጥል። መኖሪያዋ የአጥንት መቅኒ ውስጥ ነው፣ ከ1 ሺህ የመቅኒ ሴል አንዷ እንኳ እሷ አትሆንም፣ ግን ስትገኝ አትሳሳትም ምክንያቱም ከ50 እስከ 100 ማይክሮ ሜትር ትደርሳለች። ተማሪ እያለን መቅኒ የተቀባበትን ስላይድ ስናይ በትንሹ ሌንስ ጠርዝ ጠርዙን ነበር የምንፈልጋት፣ ከሌሎቹ መሀል ልክ በጎች መሀል እንደቆመች ላም ጎልታ ነው የምትታየው። ትልቅ የምትሆንበት መንገድ ሌላ ሴል አያደርገውም፦ ኒውክለሷ ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ ታባዛለች ግን ለሁለት አትከፈልም፣ እንደገና ታባዛለች አሁንም አትከፈልም፣ እንደዛ እያለች ሌላው ሴል 2 ቅጂ ይዞ ሲኖር እሷ 16፣ 32፣ አንዳንዴም 64 ትደርሳለች። ቤተሰብ ሳይከፈል ጎተራ ብቻ እየተጨመረ እንደሚሄድ ግቢ በሉት።

ፕላትሌት የሚባለው ነገር እንዳለ ጣሊያናዊው ጁሊዮ ቢዞዜሮ በፈረንጆች 1882 ነው በደንብ ያስረዳው፣ ከየት እንደሚመጣ ግን ብዙ ሲያከራክር ቆይቶ በ1906 ጄምስ ሆመር ራይት የሚባል የቦስተን ሀኪም ከነዚህ ግዙፍ የመቅኒ ሴሎች እየተቆረሰ እንደሚወጣ አሳየ። ላብራቶሪ የተማረ ሰው ሁሉ ጣቱን ሰማያዊ ያደረገበት ራይት ስቴይን የሚባለው የደም ማቅለሚያ ባለቤት ራሱ ነው፣ ቀለሙ ነው ያሳየው፣ የእናቲቱ ሆድ ውስጥ ያለው ቅንጣትና ፕላትሌቱ ውስጥ ያለው ቅንጣት አንድ አይነት ሆኖ ነው የታየው።

አወላለዷ ደግሞ ሌላ ተአምር ነው። ጥጥ ሲፈተል ያየ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። እናት ሴል መቅኒ ውስጥ ካለ ቀጭን የደም ስር ጎን ትቀመጥና ከሰውነቷ ረጃጅም ክር እየሳበች በደም ስሩ ግድግዳ ክፍተት በኩል ወደ ውስጥ ታስገባለች፣ ክሩ ላይ እንደ ጨሌ ጉብ ጉብ ያለ ነገር አለ፣ የሚያልፈው ደም እየጎተተ እየበጠሰ ይወስደዋል፣ ጉብ ጉቡ ነው ፕላትሌት የሚሆነው። አንዷ እናት ከ1 ሺህ እስከ 3 ሺህ ትወልዳለች ተብሎ ይገመታል፣ ሲያልቅባት ባዶ ኒውክለሷን ትታ ትሞታለች። በ2017 ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ያሉ ተመራማሪዎች በአይጥ ሳንባ ውስጥ በቀጥታ በማይክሮስኮፕ ሲያዩ እናት ሴሎቹ ራሳቸው ከመቅኒ ወጥተው በደም እየተጓዙ ሳንባ ውስጥ ሲወልዱ አገኟቸው፣ በሰአት ከ10 ሚሊዮን በላይ፣ የአይጧ ፕላትሌት ግማሽ ያህሉ ከዛ ነው አሉ። ሳንባ ደም ይሰራል ብሎ ማን ያስባል! ይሄን ያዙልኝ፣ የደሙ መጎተትና መግፋት ለመውለዱ ወሳኝ ነው፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ላብራቶሪ ውስጥ የሚደረገው በጥቅሉ እንዲህ ነው። ከመቅኒ (ወይ ከእትብት ደም) ስቴም ሴሎች (ገና ወደ ሌላ አይነት ሴል መለወጥ የሚችሉ ጀማሪ ሴሎች) ተለይተው ይወጣሉ፣ ምግብ ያለው ፈሳሽ ውስጥ 37 ዲግሪ ላይ ይቀመጣሉ፣ ትሮምቦፖይቲን የሚባል ሆርሞን ይጨመርላቸዋል፣ በሁለት ሳምንት አካባቢ እያበጡ እናት ሴል ይሆናሉ። ትሮምቦፖይቲንን በዋናነት የሚያመርተው ጉበት ነው፣ መቅኒውን ፕላትሌት ስራ የሚለው አዛዥ እሱ ነው፣ በ1994 በርካታ የምርምር ቡድኖች በአንድ ሰሞን ነው ያገኙት፣ ያኔ ሁሉም ሰው በቃ ችግሩ ተፈታ ብሎ ነበር። ለሰው በመርፌ እንስጠውና በራሱ ይጨምር ተባለ፣ ከሆርሞኑ የተሰራ አንድ መድሀኒት ጤነኛ ለጋሾች ላይ ሲሞከር ግን የአንዳንዶቹ ሰውነት መድሀኒቱን እንደ ጠላት ቆጥሮ አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን) ሰራ፣ አንቲቦዲው የራሳቸውንም ሆርሞን ስለመታው ሊጨምርላቸው የተሰጣቸው ሰዎች ፕላትሌታቸው ወረደ። በ1998 ሙከራው ቆመ። እኔ ይሄን ታሪክ የማነሳው በላብራቶሪ የተሰራ ነገር ሁሉ "የራስህ አይነት ነው አይጎዳህም" ሲባል ቶሎ እንዳናምን ነው። በኋላ ሌላ አይነት መድሀኒቶች መጡ፣ ኤልትሮምቦፓግ የሚባለው ክኒንና ሮሚፕሎስቲም የሚባለው መርፌ፣ እነሱ ዛሬም ይሰራሉ፣ ግን መቅኒው በኬሞ ለተመታ ሰው ዛሬ ማታ አይደርሱለትም።

ከመቅኒ በቀጥታ የማሳደጉ ችግር ቁጥሩ ነው። የመቅኒ ስቴም ሴል ከሰውነት ውጪ ብዙ አይባዛም፣ እናት ሴል ከሆነች በኋላ ደግሞ ጭራሽ አትከፈልም፣ ስለዚህ ከአንድ ሰው መቅኒ የሚወጣው ትንሽ ነው። እዚህ ጅማ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ቡና በቲሹ ካልቸር ስለማባዛት የሰማችሁ ትኖራላችሁ፣ ከአንድ ቅጠል ቁራጭ ብዙ ችግኝ ነው የሚወጣው፣ ምክንያቱም የእጽዋት ሴል ወደ መጀመሪያው መመለስ ይችላል። የሰው ሴል እንደዛ እሺ አይልም ነበር፣ የጃፓኗ ኪዮቶ ተመራማሪ ሺንያ ያማናካ በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው ሴል 4 ጂን ጨምሮ የቆዳ ሴልን ወደ ህጻንነቱ እስኪመልሰው ድረስ፣ በ2012 ኖቤል ያገኘበት ነው። ከዛ በኋላ ጨዋታው ተቀየረ፣ መቅኒ መቅዳት ሳያስፈልግ ከደም ወይ ከቆዳ ሴል የማያልቅ ዘር ተገኘ፣ ከዘሩ ደግሞ እናት ሴል።

እዛው ኪዮቶ ኮጂ ኤቶ የሚባል ተመራማሪ ያለበት ቡድን በ2014 ይበልጥ ብልጥ የሆነ ነገር አመጣ። እናት ለመሆን የደረሰች ሴል ውስጥ 3 ጂን አስገብተው እንደ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ አደረጉላት፣ ሲበራ ትባዛለች፣ ሲጠፋ መባዛቷን ትታ ታድጋለች ትወልዳለች። በረዶ ውስጥ አስቀምጠው ሲፈልጉ ያወጧታል። ካምብሪጅ ያሉት ደግሞ በ2016 በሌላ 3 ጂን ከአንድ የተመለሰ ሴል እስከ 200 ሺህ እናት ሴል አወጡ። እንግዲህ የማሳደጉ ነገር እዚህ ጋ አልቋል ማለት ይቻላል።

አሁን ሂሳብ እንስራ፣ ብዙ ዜና የሚዘለው ይሄን ነው። ለአንድ አዋቂ በሽተኛ አንዴ የሚሰጠው ፕላትሌት በግምት 300 ቢሊዮን ነው። እናት ሴል በሰውነት ውስጥ እንደምታደርገው 2 ሺህ 2 ሺህ ብትወልድ 150 ሚሊዮን እናት ይበቃናል። ሳህን ላይ ዝም ብላ ስትቀመጥ ግን ከ100 በታች ነው የምትወልደው፣ 100 እንኳ ብንላት 3 ቢሊዮን እናት ያስፈልጋል፣ ያውም ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ቀን። ምግባቸውና ሆርሞናቸው ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ ለአስር አመታት ያህል ተመራማሪዎች ሲደክሙ የነበሩት እናቲቱን እንዴት እናስወልዳት በሚለው ላይ ነው፣ አንዳንዱ በጠባብ ቱቦ አሳለፋት፣ አንዳንዱ ደም እንደሚያደርገው ፈሳሽ አስፈሰሰባት፣ ጥሩ ሆነ ግን አልበቃም።

በ2018 የኪዮቶዎቹ የህያው አይጥ መቅኒ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ሲያዩ አንድ ነገር አስተዋሉ፣ እናት ሴሎቹ የሚወልዱት ደሙ ቀጥ ብሎ ሲፈስ ሳይሆን ሲታወክ፣ ሲሽከረከር፣ ሲናጥ ነው። መናጡ እናቲቱን ራሷን ቀስቅሶ መውለጃ ኬሚካሎች እንድትለቅ ያደርጋታል። እሱን አይተው 8 ሊትር የሚይዝ ታንክ ሰሩ፣ ውስጡ ያለው ማማሰያ እንደ ሻይ ማንኪያ ዙሪያ አይዞርም፣ ወደ ላይ ወደ ታች ነው የሚመላለሰው፣ ያ ነው ልኩን መናጥ የሰጠው። 100 ቢሊዮን ፕላትሌት ወጣ።

ይሄን ለአክስቴ ቡና እየጠጣን ሳስረዳት ጀበናውን እንደያዘች ቆም ብላ "እና እርጎውን ናጡት ነው ምትለኝ?" አለችኝ። በትክክል። እርጎ በቅል ይናጣል እንጂ በማንኪያ ቢያማስሉት ቅቤው አይወጣም፣ ቀስ ካሉም አይወጣም፣ ከልክ በላይ ካጣደፉት ደግሞ ይበላሻል፣ ልክ አለው። ላብራቶሪው ውስጥም እንደዛው ነው፣ መናጡ ሲያንስ አትወልድም፣ ሲበዛ የሚወጣው ፕላትሌት የተጎዳ ይሆንና ሰውነት ቶሎ ያስወግደዋል። አክስቴ ይሄን ለማወቅ ጃፓን ድረስ ምን አስኬዳቸው የሚል አስተያየት ሰጥታ ሁለተኛውን ቀዳች።

ግን ሂሳቡን አትርሱ፣ 100 ቢሊዮን ከአንድ ታንክ ማለት 300 ቢሊዮን ለመሙላት 3 ታንክ ማለት ነው። ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ። የአክስቴ ልጅ በዚህ ዙር ብቻ ሁለት ጊዜ ነው የወሰደው።

ሰው ላይስ ተሞክሯል? አዎ፣ በጣም በጥቂቱ። የመጀመሪያዋ በሽተኛ መቅኒዋ መስራት ያቆመ ጃፓናዊት ነበረች፣ ከሌላ ሰው የሚመጣ ፕላትሌት ሲሰጣት ደግሞ አንቲቦዲዋ ያጠፋዋል፣ ስለዚህ ከራሷ ደም ሴል ወደ ኋላ መልሰው፣ እናት ሴል አሳድገው፣ የራሷን ፕላትሌት መጠኑን ቀስ እያሉ እየጨመሩ 3 ጊዜ ሰጧት። ውጤቱ በ2022 ታተመ፦ ጉዳት አላደረሰባትም፣ የተሰጣት ፕላትሌት ደሟ ውስጥ ሲዞር ታየ፣ ቁጥሯ ግን ይሄ ነው በሚባል ደረጃ አልጨመረም። ለኔ ይሄ ትልቅ ርምጃ ነው፣ ግን "ማምረት ጀምረዋል" ከሚለው ጋ ምን ያህል እንደሚራራቅ አያችሁት? በነገራችን ላይ ብዙ ሰው ከነዚህ ሴሎች ካንሰር ይመጣ ይሆን ብሎ ይፈራል፣ ፕላትሌት ላይ ስጋቱ ከሌላው ይቀላል፣ ፕላትሌት ኒውክለስ ስለሌለው ቦርሳውን ከመስጠታቸው በፊት ጨረር ያሳልፉበታል፣ ተደብቆ የቀረ ሴል ቢኖር እንኳ መባዛት አይችልም፣ ፕላትሌቱ ግን ምንም አይሆንም።

መጀመሪያ የሚጠቀሙትም እንደሷ አይነቶቹ ናቸው፣ ደጋግመው ደም ከመውሰዳቸው የተነሳ ሰውነታቸው የማንንም ፕላትሌት አልቀበል ያላቸው። ኤችኤልኤ የሚባለውን፣ ሰውነት የሌላ ሰው ሴል መሆኑን የሚለይበትን መለያ የሚያወጣውን ጂን ቆርጠው ለሁሉም የሚሆን ፕላትሌት ለማምረት እየሞከሩ ያሉትም ለነሱ ነው። ከዚህ ሁሉ ግን እኔን ይበልጥ የሳበኝ ብዙ የማይወራለት የጣሊያኖቹ ስራ ነው፣ ፓቪያ ያሉት ከሀር ትል ክር ስፖንጅ የመሰለ ሰው ሰራሽ መቅኒ ሰርተው የበሽተኛውን ሴል እዛ ውስጥ ያሳድጉና ኤልትሮምቦፓጉን ይሞክሩበታል፣ ሀሩ ላይ ከሰራ በሽተኛውም ላይ ይሰራል ተብሎ ይጠበቃል፣ ካልሰራ ሰውዬው በከንቱ ክኒን አይውጥም ብሩንም አይጨርስም። ለዚህ ቢሊዮን ፕላትሌት አያስፈልግም፣ ትንሽ ይበቃል። ቶሎ ጥቅም ላይ ይውላል ብዬ የምገምተው ይሄኛውን ነው።

ወደ ጅማ ስመለስ የኛ ችግር የመቅኒም የታንክም አይደለም፣ የ5 ቀን ነው። ቀይ ደም ፍሪጅ ውስጥ ከ35 እስከ 42 ቀን ይቆያል፣ ፕላዝማ በረዶ ሆኖ አንድ አመት፣ ፕላትሌት ግን ብርድ አይወድም፣ ከቀዘቀዘ ቅርጹ ይቀየርና ለበሽተኛው ሲሰጥ ጉበት ወዲያው ይለቅመዋል። ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ላይ፣ ቀን ከሌት እየተወዘወዘ መቀመጥ አለበት (የጅማ ቀን ሙቀት ከዛ ብዙም አይርቅም፣ ለሊቱ ነው የሚያበላሸው)፣ ካልተወዘወዘ አየር አጥሮት አሲድ ይሆናል፣ በዛ ሙቀት ደግሞ ባክቴሪያም ይመቸዋል፣ ስለዚህ 5 ቀን ሲሞላው ይደፋል። ዛሬ አለ፣ ሀሙስ የለም። የሚለየውም ከትኩስ ደም ነው፣ በተለመደው መንገድ በ8 ሰአት ውስጥ በሴንትሪፊውጅ (ደሙን በፍጥነት አሽከርክሮ በሚለይ ማሽን) ካልተለየ ያ ደም ለፕላትሌት አይሆንም፣ ከአንድ ለጋሽ የሚወጣው ደግሞ ለአንድ አዋቂ ስለማይበቃ ከ4 እስከ 6 ሰው ይቀላቀላል። አዲስ አበባ ቢኖርስ? 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱ ላይ የሚጠፋው ሰአት ከዛው 5 ቀን ላይ ነው የሚቀነሰው። የአንድ የላብራቶሪ ታንክ ትርጉም ለኛ አይነት ከተማ የሚገባኝ እዚህ ጋ ነው፣ በረዶ ውስጥ የተኛች እናት ሴል ለጋሽም የ5 ቀን ገደብም አትጠብቅም፣ በተፈለገ ጊዜ ቀስቅሰህ ትንጣታለህ። ከታንኩ የወጣው ፕላትሌት ራሱ ግን ያው የ5 ቀን እንግዳ ነው፣ ስለዚህ ታንኩ ኪዮቶ ሆኖ እኛ ጋ ሊደርስ አይችልም፣ ወይ እዚህ መቆም አለበት ወይ ፕላትሌቱን አድርቆ ማቆየት መቻል አለበት፣ ሁለቱም በቅርብ የሚታዩኝ አይደሉም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ፕላትሌት ወረደ ሲባል ሁሉም ሰው እንዳይደነግጥ። እዚህ ግልገል ጊቤ አካባቢ ደርሶ የመጣ ወባ የያዘው ሰው ሲቢሲው (የደም ሴል ቆጠራ ምርመራው) ላይ ፕላትሌቱ ወርዶ መታየቱ የተለመደ ነው፣ ያበጠ ጣፊያ ፕላትሌቱን ይዞ ስለሚያስቀረውም ጭምር ነው፣ ብዙውን ጊዜ የወባ መድሀኒቱን ሲጨርስ ቦርሳ ሳይሰቀልለት በራሱ ይመለሳል። መቅኒው በኬሞ ወይ በደም ካንሰር የተመታው ነው ከሌላ ሰው እጅ የሚጠብቀው።

የአክስቴ ልጅ በሁለተኛው ቀን ማታ ተገኘለት፣ በማግስቱ ሲቢሲ 31 ሺህ አለ፣ የድዱ መድማትም ቆመ። ቀጣዩ ኬሞ በመጪው ሳምንት ነው፣ ከ10 ቀን በኋላ ደግሞ እንደሚወርድ እናውቃለን። የሂርማታዎቹ ልጆች 3 ወራቸው ስላልሞላ ድጋሚ መስጠት አይችሉም፣ ከቦሳ ሰፈር 6 ልጆች አግኝተናል፣ ስማቸውን ጽፈን ይዘናል፣ አስፕሪን እንዳይወስዱም ከአሁኑ ነግረናቸዋል።